የቀጥቃጩ እሳት ወደ ቤት ሲገባ፦ ከቱማል ወናፍ እስከ ሐርጌሳ ብየዳ

ግንቦት 1983 ዓ.ም. በአፍሪካ ቀንድ ብዙ ነገር የተገለባበጠበት ወር ነበር። መንግሥታት ወድቀዋል፤ ድንበሮች ተናግተዋል፤ ሕዝብ ከቦታ ወደ ቦታ ተጉዟል። ከነዚህ ጉዞዎች መካከል በታሪክ መጻሕፍት ጎን ለጎን ተጽፈው የማናገኛቸው ሁለቱ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ናቸው። ግንቦት 10 ቀን በቡርዖ ከተማ ለጉባዔ የተቀመጡ የሰሜን ሶማሌ የጎሣ ሽማግሌዎችና የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መሪዎች ሶማሊላንድ ከሞቃዲሾ መለየቷን አወጁ፤ በኢትዮጵያ የስደተኞች ጣቢያዎች ሦስት ዓመት የከረመውም ሕዝብ ወደ ሐርጌሳ ይመለስ ጀመር። በዚያው ወር ግንቦት 16 እና 17 ቀን ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ተነሥተው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ተጓዙ።

እነዚህን ሁለት ጉዞዎች ምን ያገናኛቸዋል ቢባል መልሱ ብረት ነው። ከሄዱት መካከል ለጎንደር ገበሬ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩበት። ወደ ሐርጌሳ የተመለሱትን ደግሞ በር፣ መስኮትና ጣራ የሌለው ግድግዳ ጠበቃቸው፤ ስለሆነም ቤት መልሶ ለማቆም ከሚያስፈልጓቸው ሙያተኞች መካከል ብረት ሠሪው ግንባር ቀደሙ ሆነ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ የብረት ሠሪው እሳት ከመኖሪያ ቤት ምን ያህል ርቆ ይነድ ነበር? ዛሬስ የሚነደው የት ነው? ጥያቄውን ይዘን ስንጓዝ ግን የንቀት ታሪክ፣ የጦርነት ታሪክ፣ በመጨረሻም የሳንባና የዓይን ጉዳይ ይገጥመናል።

በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ብረት ቀጥቃጩ ቱማል ይባላል፤ ቃሉም መውቀጥ፣ መቀጥቀጥ ከሚለው ግሥ ጋር የተያያዘ ነው። ቱማሎች ከሌሎች በሥራቸው ከተናቁ ወገኖች ጋር ዛሬ ገቦዬ በሚል የጋራ ስም ይጠራሉ። በግመል አርቢው ሕብረተሰብ ዘንድ ወንድ ልጅ በጦሩና በወገቡ በሚታጠቀው ቢላዋ ይኮራል፤ ጦሩንና ቢላዋውን የሠራው ሰው ግን ከማዕረግ በታች የተቆጠረ ነበር። ጋብቻ አይጋቡትም፤ በሽማግሌዎች ጉባዔ ቃሉ አይደመጥለትም። የሚኖረው በአንድ ትልቅ ጎሣ ጥላ ሥር ተጠግቶ ነው። ሐርጌሳ ከተማ ከሆነች በኋላም ገቦዬዎች የሚበዙበት ሠፈር ለብቻው ታወቀ፤ ዳሚ ይባላል።

ይህን ስናነብ በጎረቤት ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ተማሪ ቢኖር ወደ ራሳችን አገር እንመልሰው። በእኛም ዘንድ ገበሬው ያለ ማረሻ አንድ ትልም ማረስ አይችልም፤ ማረሻውን የሚሠራለት ግን ባለእጅ ወይም ጠይብ ተብሎ ይሸሻል። ጠይብ የሚለው ቃል ከጥበብ ጋር ዝምድና አለው ይባላል፤ ሆኖም በሕዝቡ አፍ ከጥበብ ይልቅ ከቡዳ ጋር ሲነሣ ኖሯል። ቀን ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል የሚለው ወሬ ስንቱን ቤተሰብ እንዳቆሰለ የሰሜኑን ገጠር የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ያለችው ወለቃ በዚህ ረገድ የታወቀች ናት፤ ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቿ ብረት፣ ሴቶቿ ሸክላ እየሠሩ ለአካባቢው ሲያገለግሉ፣ ሸክላውና ማረሻው ተወዶ ሠሪው ይፈራ ነበር። መሬት በርስት እንዳይዙ መደረጋቸው ወደ እጅ ሙያ የገፋቸው አንዱ ምክንያት መሆኑንም መርሳት አይገባም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን የሚሰድብ እንዲቀጣ የሚያዝ ነበር። በእኛ አስተያየት አዋጁ በዘመኑ ከወጡት ሕጎች ሁሉ አርቆ አሳቢው ነው፤ ይሁን እንጂ ስድቡ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ያልታሰበ ውጤት አለ። ሰዎች ቀጥቃጩን ስለ ናቁትና ስለ ፈሩት እሳቱን ከመንደሩ ዳር እንዲያነድ አደረጉት። የሚሠራው ዙሪያው በተከፈተ ዳስ ሥር ነው፤ ከሰሉ በወናፍ ሲራገብ ጢሱን ነፋስ ይወስደዋል፤ መዶሻው መስፉን ሲመታ የሚረጨው ፍንጣሪ የሰው ሣር ክዳን ላይ አይደርስም። ርቀቱን የወሰነው ጥላቻ ነው እንጂ ስለ ጤና የተደረገ ምክር አልነበረም። ቢሆንም የመንደሩን ልጆች ከጢሱና ከፍንጣሪው ጠበቃቸው። ወናፍ ይነፉ የነበሩትን የቀጥቃጩን ልጆች ግን የጠበቃቸው አልነበረም፤ ጢሱም ንቀቱም ለእነርሱ ተረፈ።

አሁን ወደ ሌላው እሳት እንለፍ። የጥንቱ ቀጥቃጭ ሁለት ብረት ለማጋጠም ሲፈልግ ሁለቱንም በከሰል ፍም ውስጥ እስኪነጡ አግሎ፣ አንዱን በሌላው ላይ አድርጎ በመዶሻ ይደቃቸዋል። ይህ ራሱ ብየዳ ነው፤ ሺህ ዓመታትን ያስቆጠረ ብየዳ። በኤሌክትሪክ መበየድ የተጀመረው ግን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ሩሲያዊው ቫሲሊ ፔትሮቭ እ.ኤ.አ. በ1802 በሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል የሚዘልለውን የኤሌክትሪክ ብርሃን መርምሮ ብረት ማቅለጥ እንደሚችል አሳየ፤ በ1881 ኒኮላይ ቤናርዶስ በዚሁ ብርሃን ብረትን ከብረት አጋጠመ፤ ከ1904 በኋላ ደግሞ ስዊድናዊው ኦስካር ቼልበርግ ዛሬ በየብየዳ ቤቱ የምናየውን ልባስ ያለውን ኤሌክትሮድ አወጣ። ልባሱ ሲቃጠል የሚሰጠው ጢስ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከልለዋል። ብረቱን የሚጠብቀው ይኸው ጢስ ሰውን የሚጎዳ መሆኑን ተማሪዎቻችን እዚሁ ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የጋዝ ብየዳ ታሪክም የሚያስተምር ነው። ካርባይድ ውሃ ሲነካው አሴቲሊን የተባለ ጋዝ ይሰጣል። ጋዙን ኤድመንድ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1836 አገኘው፤ ካርባይድን በብዛት ማምረት የተቻለው ግን በ1892 ነው። በ1895 ፈረንሳዊው ለ ሻተልዬ አሴቲሊን ከኦክሲጅን ጋር ሲነድ ነበልባሉ ከ3 ሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሚደርስ አስታወቀ። ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ስለሆነ ይህ ነበልባል እንደ ልብ ያቀልጠዋል። ነገር ግን አሴቲሊን ቁጡ ጋዝ ነው፤ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህሉ ብቻ አሴቲሊን ቢሆን እንኳ ለመፈንዳት ይበቃል፤ ተጨምቆ ሲቀመጥም ያለ አየር ራሱን በራሱ ሊያፈነዳ ይችላል። ስዊድናዊው መሐንዲስ ጉስታፍ ዳሌን ጋዙን በሲሊንደር ውስጥ በደኅና ለማስቀመጥ የሚያስችል ዘዴ ካሻሻሉት አንዱ ነው፤ የመርከብ መምሪያ መብራቶችም በፈጠራው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1912 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዚያው ዓመት ሙከራ ሲያደርግ በደረሰ የአሴቲሊን ፍንዳታ ሁለት ዓይኖቹ ጠፉ። የጋዙን ጠባይ ከማንም ይበልጥ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ በጓሮ በርሜል ውስጥ ካርባይድ ዘፍዝፎ ጋዝ የሚያወጣ ሰው ምን ዋስትና አለው?

ይህ አዲስ እሳት ወደ ቀንዳችን የገባው በባቡር ሐዲድ፣ በወደብና በጦር ሠራዊት ጋራዥ ነው። በእኛ በኩል የድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ ወርክሾፖች፣ በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ብረት ሥራን ከዘር ሙያነት አውጥተው የትምህርት ሙያ ካደረጉት መካከል ናቸው። ጣልያንም ክፉ ሥራውን ሠርቶ ሲሄድ ላሜራና ቱቦላሬ የሚሉ ቃላት ትቶልን ሄዷል፤ ብረት ቤት ገብቶ እነዚህን ቃላት ሳይሰማ የሚወጣ የለም።

ሐርጌሳ ባቡር አልነበራትም። ከሐረር ወደ በርበራ በሚወስደው የግመል ነጋዴ መንገድ ላይ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሼክ ማዳር የተባሉ የሃይማኖት አባት ተከታዮቻቸውን ይዘው ከሠፈሩበት ቦታ ያደገች ከተማ ናት። እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. ጣልያንን አስወጥተው ሲመለሱ የግዛታቸውን ዋና ከተማ ከበርበራ ወደ እርሷ አዛወሩ። ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ነፃ ሆነች፤ ከአምስት ቀን በኋላ ከደቡቡ ጋር ተዋሐደች። የውሕደቱ ነገር እንዴት እንደተበላሸ መተረክ ሌላ ጽሑፍ ስለሚጠይቅ እዚህ አንገባበትም።

ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገን 1980 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጄኔራል ሲያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች መጠጊያቸውን ሊያጡ መሆኑን ሲያዩ ወደ አገራቸው ዘልቀው ግንቦት 19 ቀን ቡርዖን፣ ግንቦት 23 ቀን ሐርጌሳን አጠቁ። የሲያድ ባሬ መንግሥት የመለሰው መልስ ከተማዪቱን በመድፍና በአውሮፕላን መደብደብ ነው። ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሡ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ደብድበው እዚያው ሐርጌሳ ያርፉ ነበር፤ በዓለም ጦርነቶች ታሪክ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ብዙ አይገኝም። ከከተማዪቱ ከአሥር እጅ ዘጠኙ እንደፈረሰ ይገመታል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ፤ በጅግጅጋ አውራጃ ሐርትሼክ ላይ የተመሠረተው ጣቢያ በዘመኑ ከዓለም ትላልቅ የስደተኞች ጣቢያዎች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋውም ከብዙ ጊዜ በኋላ በ1996 ዓ.ም. ነው።

ከድብደባው የተረፈውን ዘረፋ ጨረሰው። የቤት ጣራ ቆርቆሮ ተነቀለ፤ በርና መስኮት ከነማቀፉ ተገንጥሎ ተሸጠ። ተመላሹ ሕዝብ ያገኘው እንግዲህ ሰማይ የሚታይባቸው ግድግዳዎችን ነው። አንድ ቤተሰብ ከሐርትሼክ ተመልሶ ባዶ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ የሚያስፈልገውን እናስብ፦ የሚቆለፍ በር፣ ልጆች እንዳይወጡበትና ሌባ እንዳይገባበት ፍርግርግ፣ ውሃ የሚያዝበት በርሜል፣ አህያ የምትጎትተው ጋሪ። ይህ ሁሉ ብረት ነው፤ ይህን ሁሉ የሚሠራው በያጅ ነው። ማዕከላዊ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለ ፈረሰ ኃይሉ የሚገኘው በየሠፈሩ ከተተከሉ የግል ጄነሬተሮች ነበር፤ ዋጋውም በዓለም ላይ ከታወቁት ውድ ዋጋዎች ጋር የሚሰለፍ ነው። ብረቱስ ከየት መጣ ቢባል፣ ጦርነቱ ራሱ ብዙ ብረት ትቶ ሄዶ ነበር። ጥቂት ቆይቶም አዲስ ላሜራና ቱቦላሬ በበርበራ ወደብ ይገባ ጀመር፤ የገዛውም ገንዘብ ባመዛኙ ከባሕረ ሰላጤ አገሮችና ከአውሮፓ ዘመድ ለዘመድ የላከው ነው።

ዛሬ የሐርጌሳን መንገዶች የሚያይ ሰው በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ፣ አበባና ኮከብ የተበየደባቸው የግቢ በሮችን ያያል። ስለዚህች ከተማ መልሶ መታነጽ ሲጻፍ የጎሣ ሽማግሌዎች እርቅና የገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቶች ስም ይነሣል፤ ሁለቱም ይገባቸዋል። በያጁ ግን አይነሣም። እኛ ይህ ዝምታ ከጥንቱ ንቀት የተረፈ ይመስለናል።

ነገሩ ግን ሌላም ገጽ አለው። መዶሻውና ወናፉ በኤሌክትሪክ ሲተካ ሥራው ገንዘብ አመጣ፤ ገንዘብ ያመጣ ሥራ ደግሞ ንቀትን ያስረሳል። የከበሩት ጎሣዎች ልጆችም ቀድሞ የቱማል ብቻ ወደ ነበረው ሙያ ገቡ። ይህ በአንድ በኩል መልካም ነው፤ በሌላ በኩል የዳሚ ሠፈር ሰዎች የአያቶቻቸው ሙያ ገበያ ሲጣበባቸው ጋብቻውና ክብሩ ግን አልተከፈተላቸውም። የተለወጠው ነገር እሳቱ ያለበት ቦታ ነው። ንቀቱ ከሥራው ላይ ሲነሣ ርቀቱም አብሮ ተነሣ። ብየዳው ከመንደር ዳር ተነሥቶ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ጓሮ ክፍል፣ ከጓሮ ክፍል ሕፃናት ወደሚተኙበት ቤት ግድግዳ ተጠጋ። ይህ በሐርጌሳ ብቻ የሆነ አይደለም፤ መርካቶ ምናለሽ ተራን ወይም በየክፍለ ከተማችን ከኪራይ ቤት ጋር የተያያዙትን ብረት ቤቶች ያየ ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ በዝግ ቤት ውስጥ የሚሆነውን በቁጥር እንመልከተው፤ የኬሚስትሪ መምህራን ባልደረቦቻችን ለክፍል ትምህርት ይጠቅማቸዋል ብለን እናምናለን። የጣራ ቆርቆሮና ብዙው የውሃ ቧንቧ ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በ907 ዲግሪ ይተናል። ብረቱ ግን 1538 ዲግሪ ሳይደርስ አይቀልጥም። ስለዚህ ብረቱ ለመቀለጥ ገና ሲያስብ ዚንኩ ቀድሞ ተንኖ አየር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከአየር ጋር ሲገናኝ ነጭ ጢስ ሆኖ ይታያል። በያጁ ይህን ከሳበ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፤ ማታ ላይ ያንቀጠቅጠዋል፤ ያተኩሰዋል፤ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል። ወባ ነው ብሎ የወባ መድኃኒት የሚወስድ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል፤ በመለቀቁም ይዘናጋል። ወተት መጠጣት መርዙን ያጥባል የሚል እምነት በበያጆች ዘንድ ተስፋፍቷል። ወተት ለሰውነት መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ጢሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው።

ዚንክ የሌለበት ጥቁር ብረት ቢሆንም የኤሌክትሮዱ ጢስ አይቀርም። በውስጡ ማንጋኒዝ አለ፤ ለብዙ ዓመት ሲሳብ የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። የማይዝገው ብረት ሲበየድ ደግሞ ከክሮሚየም የሚወጣው ጢስ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጢስን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል። ሜዳ ላይ ነፋስ የሚበትነው ይህ ጢስ በአራት በአራት ሜትር ክፍል ውስጥ ሲታሰር በያጁ ቢወጣም አብሮት አይወጣም፤ አልጋ ልብስ ላይ፣ እቃ ላይ፣ ሕፃኑ በሚድህበት ወለል ላይ ያርፋል።

ብርሃኑም እንደዚሁ ነው። የብየዳው ብርሃን ከፀሐይ የምናውቀውን የማይታይ አቃጣይ ጨረር በቅርብ ይረጫል። በያጁ ጭምብል አለው፤ ዓይኑን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ጭምብል የሌለው ተመልካች ነው። ሕፃናት ብልጭታውን ማየት ይወዳሉ። በጊዜው ምንም አይሰማቸውም፤ ሌሊት ላይ ግን ዓይናቸው አሸዋ እንደ ተበተነበት ይሆናል፤ እንባቸው ይፈሳል። በኖራ የተለቀለቀ ነጭ ግድግዳ ጨረሩን ስለሚመልሰው በክፍል ውስጥ ጀርባን መስጠት ብቻውን አያድንም። በመጋረጃ ፋንታ ጥቁር፣ ቶሎ የማይነድ ነገር መሀል ማቆም፣ ሕፃናትን ከግቢው ማውጣት ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ባዶ በርሜል ነው። በሐርጌሳም ሆነ በእኛ ከተሞች ነዳጅ የነበረበት በርሜል ታጥቦ ለውሃ፣ ተቆርጦ ለምድጃ፣ ተዘርግቶ ለበር ይውላል። ሰው ባዶ ነው ብሎ ያምናል፤ ነገር ግን በርሜሉ ባዶ የሚሆነው ከፈሳሹ እንጂ ከትነቱ አይደለም። በስፌቱ ውስጥ የተደበቀ ጥቂት ቤንዚን በብየዳው ሙቀት ይተንና ከአየር ጋር ይደባለቃል፤ ሙሉ በርሜል ከሚያደርሰው ይልቅ ይህ ባዶ የተባለው ይፈነዳል። በሳሙናና በውሃ አንድ ጊዜ ማለቅለቅ አይበቃም። የሠለጠኑ ሠራተኞች በእንፋሎት አጥበው፣ ከሚበየደው ቦታ ዝቅ እስኪል ድረስ ውሃ ሞልተው፣ አፉን ከፍተው ይሠራሉ፤ ይህን ማድረግ የማይችል ሰው በርሜሉን ባይነካው ይመረጣል።

በሐርጌሳ በዚህ ላይ የተጨመረ አደጋ ነበር። ከጦርነት የተረፈ ብረት ሁሉ ዝም ያለ ብረት አይደለም። ያልፈነዳ የመድፍ ጥይትና ፈንጂ በፍርስራሹ፣ በግቢዎችና በሜዳው ቀርቶ ስለ ነበር፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚለቅም ልጅ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሄሎ ትረስት የተባለው ፈንጂ አምካኝ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሶማሊላንድ ሲያጸዳ ቆይቷል። በኦጋዴንና በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ባለፈባቸው ወረዳዎች ያሉ መምህራንም ይህን ነገር ለተማሪዎቻቸው ሳይናገሩ ማለፍ የለባቸውም፤ ዝገት የበላውን ብረት ለብረት ቤት ከመሸጥ በፊት ለፖሊስ ማሳየት የልጅ እጅ ያተርፋል።

ቤቱ ውስጥ መሥራት ግድ ለሆነበት ሰው ምን እንመክራለን? መጀመሪያ ሥራውን ማውጣት ነው፤ በር ትልቅ ቢሆንም በር ነው፤ ወደ ደጅ ይወጣል። ካልሆነ ትይዩ ያሉ ሁለት በሮችን ወይም መስኮቶችን ከፍቶ፣ ነፋሱ ከጎን እንዲያልፍ አድርጎ፣ ፊትን ከጢሱ ዓምድ ውጭ አድርጎ መቆም ነው። አፍና አፍንጫን በሻሽ መጠምጠም ፍንጣሪ ይመልስ ይሆናል፤ ጢስ ግን አይመልስም። በዚንክ የተለበጠውን ብረት የሚጋጠመውን ቦታ አስቀድሞ ልባሱን መሞረድ ያስፈልጋል፤ ሲሞረድም አቧራውን ላለመሳብ መጠንቀቅ ነው። ጄነሬተሩ በምንም ምክንያት ከጣራ ሥር አይቀመጥ፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰውን አስተኝቶ ይገድላል። ወለሉ ደረቅ ይሁን፤ የብየዳው መሣሪያ ሥራ ሳይጀምር የሚይዘው 60 ወይም 80 ቮልት ትንሽ ይመስላል፤ ላብ ያራሰውን ሰው ለመግደል ግን በቂ ነው። ፍንጣሪ አሥር ሜትር ድረስ ሊንከባለል ስለሚችል ፍራሽ፣ ጀሪካንና የሣር ገለባ ከዚያ ክልል ይውጡ። ሥራው ካለቀ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ አካባቢውን መፈተሽ ይገባል፤ ጥጥ ውስጥ የገባ ፍንጣሪ ሰው እራት ሲበላ ነው የሚነሣው።

በሐርጌሳ እሳት ምን እንደሚያደርግ በቅርቡም ታይቷል። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ዋሂን የተባለው የከተማዪቱ ታላቅ ገበያ ተቃጠለ። የእሳቱ መነሻ ብየዳ ነው አንልም። ነገር ግን ሱቅ ከሱቅ ተጣብቆ፣ መተላለፊያው ጠብቦ የእሳት አደጋ መኪና እንደ ልብ መግባት ስላልቻለ በአንድ ሌሊት የብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ዐመድ ሆነ። በቀጣዮቹ ሳምንታት አዲስ የሱቅ በር፣ አዲስ ፍርግርግ፣ አዲስ የጣራ ብረት ተፈለገ፤ እንደ 1983ቱ ሁሉ በያጁ እንደገና ተጠራ።

ለታሪክ መምህራን አንድ የክፍል ሥራ እናቀርባለን። ተማሪዎች የሠፈራቸውን ካርታ በወረቀት ይንደፉና እሳት የሚነድባቸውን ቦታዎች ሁሉ ምልክት ያድርጉባቸው፦ ማዕድ ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ጋራዡን፣ ብረት ቤቱን። ከዚያ ቤት ሄደው አያቶቻቸውን በልጅነታቸው የባለእጁ ዳስ የት እንደ ነበር፣ ወደዚያ እንዳይሄዱ ማን እንደ ከለከላቸው፣ ምክንያቱንም ምን ብሎ እንደ ነገራቸው ይጠይቁ። ሁለተኛውን ካርታ ከመጀመሪያው ጎን ያስቀምጡ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በእርምጃ ለክተው ሲመጡ፣ ክፍሉ ውስጥ ከብየዳ ቤት ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የሚተኛ ተማሪ ስንት እንደ ሆነ እግረ መንገዳቸውን ይቆጥራሉ።